የሐጂ ሰይድ ኮርኒስ ስድስት ቀዳዳዎች

ሰኞ፣ የካቲት 7

ስድስተኛውን ስነቅል የኮርኒሱ ዱቄት አፌ ውስጥ ገባ። ቀኑን ሙሉ ጀሶ ስቅም ዋልኩ። ግን ነቀልኳቸው፤ ስድስቱንም!

እነዚህ ከመብራት መስመር ጋር የተያያዙ የጭስ አላርሞች አርጅተው ቢጫ ሆነዋል። የሚጮኹት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ደስ ሲላቸው። ሐጂ ሰይድ "ልጄ፣ ላይ የሚተኙት ልጆች የሰው አማና፣ አደራ ናቸው" ብለው ነው የጠሩኝ። ቤታቸው ኮምቦልቻ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ታች ምግብ ቤት አለ፤ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ተከራይተው ይኖራሉ። የላዩ ወለል ጣውላ ስለሆነ ታች ያለው ኮርኒስ ድርብ የጅብሰም ሰሌዳ ተደርጓል። እሳት ቢነሳ ልጆቹ እስኪወጡ የሚይዝላቸው እሱ ነው።

አንድ ጣጣ ግን አለ። አዲሶቹ አላርሞች ከአሮጌዎቹ ያነሱ ናቸው፣ የድሮው ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጋሽ ጌታቸው፣ የጀሶ ሠራተኛችን፣ "ይሄን ለኔ ተዪው" አሉ። ደፍነው ሲያለሰልሱት ቀዳዳ እንደነበረበት አይታወቅም። ሴት መሰላል ላይ ወጥታ መብራት ልትሠራ ነው ተብሎ ሲሳቅብኝ "እኔ አብሬያት እሠራለሁ" ብለው በጥቃቅንና አነስተኛ አብረውኝ የተደራጁት እሳቸው ናቸው። ውለታቸው አለብኝ።

ማክሰኞ

አዲሶቹን ሰቅዬ የአንዱን መሞከሪያ ስጫን ስድስቱም ባንዴ ጮኹ። አልሀምዱሊላህ! የሌሊት ፈረቃ ወጥተው የተኙት ልጆች ደግሞ ላይ ሆነው ተንጫጩ። ፋጤ የምትባለው ፎጣ ተከናንባ ደረጃው ላይ ብቅ አለችና "አንቺ ሴት፣ ምን አደረግንሽ?" አለችኝ። ይቅርታ ብዬ ሳቅኩ።

መብራት ሲጠፋ በባትሪያቸው ይሠሩ እንደሆነ ለማየት ማጥፋት አላስፈለገኝም። በራሱ ጊዜ ጠፋ። ሠሩ!

መሄጃችን ላይ አንዱ አላርም ዘመም ብሎ አየሁት። ላቃናው ብሎኑን ስፈታ ወረቀት ተከትሎት ወጣ። ጎተትኩት፣ መጣ። ደግሜ ጎተትኩት፣ አሁንም መጣ። ጋዜጣ ነው።

"ጋሽ ጌታቸው፣ ይሄ ምንድነው?"

"ጋዜጣ ነዋ! ጠቅጥቀሽ በላዩ ጀሶ ነው። ጀሶ ባዶ ላይ ይቆማል እንዴ? ደሴ ላይ እንዲህ ያልደፈንኩት ኮርኒስ የለም።"

እውነታቸውን ነው፣ ሁሉም የሚሠራው እንደዚያ ነው። ጋዜጣውን ደግሞ ከቤት ያመጣሁት እኔው ነኝ። ወለሉ እንዳይቆሽሽ ላነጥፈው ነበር። ትናንት ሲቦጫጭቁት አይቻለሁ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያን ወረቀት ስዘረጋና ሳጥፍ ደረስን።

ረቡዕ

አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ውሸት ነው።

ሁለት ቁራጭ ጅብሰም በሳሁ። አንዱን እንደ ጋሽ ጌታቸው በጋዜጣና በጀሶ ደፈንኩ። ሌላውን በጅብሰም ቁራጭ ልክክ አድርጌ ዳር ዳሩን በጀሶ ያዝኩት። ሲደርቁ ከሰል ምድጃው ላይ ደገፍኳቸው። እናቴ መጥታ አየችና "ምሳችን ዛሬ ኮርኒስ ነው?" ብላ ሳቀች።

የጋዜጣው ጀሶ ተሰነጠቀ። ረገፈ። ከዚያ ወረቀቱ ቦግ አለና በቀዳዳው ነበልባል ወጣ። ሌላው ጠቆረ እንጂ ምንም አልሆነ።

እናቴ መሳቋን ተወች። "ከላይ ሰው ይኖራል?" አለችኝ።

"አሥራ አራት ሴት።"

"ታዲያ እዚህ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

ብናገር፦ ስማችን ደሴም ኮምቦልቻም ይጠፋል።
ብናገር፦ ጋሽ ጌታቸው ይቀየሙኛል፤ ምናልባትም ለዘላለም።
ዝም ብል፦ ፋጤ።

ሐሙስ

መናኸሪያ ጠበቅኳቸውና የተቃጠለውን ቁራጭ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። ጣታቸውን በቀዳዳው አሳለፉት።

"ልታዋርጂኝ ነው?" አሉ።

"ጋዜጣውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አብረን ነው የምንዋረደው።" የተናደድኩት በሳቸው አይደለም፣ በራሴ ነው።

የኮምቦልቻን ቁልቁለት ሙሉ ፊታቸውን ወደ ሚኒባሱ መስኮት አዙረው ወረዱ። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ሐጂ በር ላይ ስንደርስ ግን ቀድመውኝ ገቡ። "ሐጂ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የደረሰችበት እሷ ናት" አሉ። ቁራጩን አውጥተው ሁሉንም ነገሯቸው። እኔ ቆሜ አለቀስኩ፤ ወላሂ አላፈርኩም።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን፣ መስበሃቸውን፣ ያዝ አደረጉ። ስለ ሥራው ከመጠየቃቸው በፊት "ዛሬ ልጆቹ ምን ይሁኑ?" አሉ። እስክንጨርስ እሳት እንዳይነድ ነገርናቸው። ወዲያው ምግብ ቤቱ ምድጃ እንዳይለኩስ አዘዙ። "ደንበኛ ካኮረፈ ያኩርፍ።" ከዚያ ወደኔ ዞሩ፦ "አብሽሪ ዘሀራ። ሳትነግሪኝ ብትሄጂ ነበር የማዝንብሽ።"

ዓርብ

መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ፣ በቴስተር አረጋገጥኩ፣ ስድስቱንም አወረድኩ። ጋዜጣው ተለቅሞ ሲወጣ አንድ ፌስታል ሞላ።

ጋሽ ጌታቸው ጅብሰሙን ክብ ክብ አድርገው ቆረጡ፤ ኮርኒሱ ድርብ ስለሆነ ለያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሁለት። ከኋላ ደጋፊ አበጁለት። ሽቦው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ጠባብ አድርገን፣ ዙሪያውን እሳት ሲነካው በሚያብጥ ማሸጊያ ሞላሁት። ማሸጊያውን ደሴ ስንት ሱቅ ዞሬ ነው ያገኘሁት! ሰግጄ ስመለስ ጋሽ ጌታቸው ሁለቱን ቀዳዳ ብቻቸውን ጨርሰዋል። በጥፍሬ ዳሩን ፈለግኩ፣ አጣሁት። እጃቸውስ እጅ ነው!

ምሳ አብረን በላን፤ አንድ ጊዜም አጎረሱኝ።

ቅዳሜ

ስድስቱም ሠሩ፤ በመብራትም በባትሪም። ምድጃው ተለኮሰ። ጋሽ ጌታቸው ዕቃቸውን ሲሸክፉ "ሰኞ የእህቴ ቤት ኮርኒስ አለ፤ እስኪ አብረን እናየዋለን" አሉኝ። ያንንም በጋዜጣ የደፈኑት እሳቸው እንደሆኑ ገባኝ። እሺ አልኩ። ደስ አለኝ፣ በጣም!

ልጆቹን ልሰናበት ወደ ላይ ስወጣ ፋጤ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ወሬውን ሰምታለች። አልጋዋን አሳየችኝ፤ ልክ ከምድጃው በላይ ነው።

"ጨርሰሻል?"

"ጨርሻለሁ።"

"እስኪ ተኚበት።"

ለቀልድ ጋደም አልኩ። ታች ሽንኩርት ይቁላላል፣ ድስት ይንኳኳል። ከማክሰኞ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር። ስነቃ ፀሐዩ ዞሯል፣ ፋጤ ወደ ፈረቃዋ ሄዳለች፤ ነጠላዋን ጣል አድርጋብኛለች።