ዘይት ያልነካው በር

ሐሙስ፣ ኅዳር ፭

በዚህ ቤት የሙዚቃ ክርክር ለዘለቄታው መቋረጡን በከፍተኛ ሐዘን አስታውቃለሁ። ተከራካሪ ጠፍቷል።

ባለቤቴ አልማዝ ካረፈች ሦስት ወሯ ነው። ሐዘን ላይ ስለሆንኩ ሬዲዮው እንደተዘጋ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ዘፋኝ ምክንያት ስንጨቃጨቅ ኖረናል። እሱ ሲዘፍን እሷ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ትጨምረዋለች፣ እኔ እቀንሰዋለሁ።

«እንዲያው ስም ወጥቶለት ነው እንጂ ድምፁ ዘይት ያልነካው በር ነው» እላታለሁ።

«የአንተን ጆሮ የደብረ ብርሃን ብርድ አደንዝዞታል» ትለኛለች።

ዛሬ ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ያ ሰውዬ ይዘፍናል። ሹፌሩ በመስታወት ጥቁር ልብሴን አየና ደንግጦ ዘጋው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሐዘንዎን ሳላይ ነው።»

«ክፈተው።»

ከፈተው።

«ጨምረው» አልኩት። ቃሉ የእሷ ነበር።

የቤቴን በር አልፈን ሄድን። ሹፌሩ የት እንደምወርድ አልጠየቀኝም፤ እኔም ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ አልነገርኩትም።

እርማት፦ የዘፋኙን ድምፅ በተመለከተ ከላይ የሰፈረው መግለጫ «አልማዝ ልክ ነበረች» ተብሎ ይነበብ። እርማቱ ዘግይቶ በመውጣቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።