የላሞቹ ዝምድና በሱሉልታ

ሶፊዬ፣ የተማርነውን ለሰው ማስረዳት ለምን እንዲህ ይከብደናል? እዚህ ሱሉልታ የወተት ማኅበሩ አባላት የላሞቻቸውን የክትባትና የወተት መረጃ እንዳገናኝ ካልፈቀዱ ሥራዬ ማብቃቱ ነበር። በስብሰባው ስለ ዳታ ስቀባጥር ከአባላቱ አንዷ፣ እናታችን አደ ወርቅቱ፣ ሰለቻቸውና ከሰበታ በእንግድነት የመጡትን ኦቦ ገመቺስን «የማን ልጅ ነዎት?» አሏቸው። አያት ቅድመ አያት ሲቆጥሩ አንድ ቅድመ አያት ላይ ደረሱ፤ ዘመድ ሆነው ተሳሳሙ! እኛ ሐዋሳ ብንሆን ስልክ ተቀያይረን እንለያይ ነበር። ይሄኔ ዘልዬ፣ «ኮምፒውተሩም ‹ክትባቱ የማን ነው? ወተቱስ የማን?› እያለ ያችው አንዷ ላም ላይ ሲደርስ ሁለቱን መዝገብ ያዛምዳል!» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይሄን ማለት አቅቶሽ ነው?» አሉ አደ ወርቅቱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሁሉም እጅ አወጡ፤ ተፈቀደልኝ!

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እማማን ሳሚልኝ። አንቺስ ይህንኑ እዚያ ለሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች በምን ታስረጂያቸው ነበር? ቶሎ ጻፊልኝ።

ሩሃማ