አርቪድ የተጻፈበት ሰሌዳ

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አደረ። ጠዋት ደረጃውን ጠረግሁት፤ ሳልጨርስ መልሶ ሸፈነው። ተውኩት። ድንች ቀቀልኩ። ከቤተ መጻሕፍት ያመጣሁትን መጽሐፍ ጥቂት አነበብኩ... ስለ እንስሳት ዐይን ነው። ግማሹ አይገባኝም። ግማሹ ይበቃኛል።

ከሰዓት በኋላ ዋርሳዬ ኦርሊን፣ የባሌ ወንድም፣ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ። ቆሞ የሚያወራ ሰው ጉዳይ አለው።

«ክላረንስ አሪዞና ገባ» አለ። ክላረንስ ዓሣ የሚያጠምድበት የጀልባ ጓደኛው ነው።

«ለጉብኝት?»

«እስከ ፋሲካ። ጉልበቴን ብርድ በላው ይላል። ብርድ የበላው ወኔውን ነው።»

የሚቀጥለውን አውቄዋለሁ።

«ትከሻዬን ከታመምኩ ወዲህ ሞተርና የማጥመጃ ዘንግ አንድ ላይ አልችልም። ከግድቡ ሥር እንዳንቺ ጀልባ የሚይዝ ሰው አላየሁም። ሞተሩን ያዢልኝ።»

«ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ፈለግሁ እኮ። አንቺ ነሽ ሌላዋ ሰው።»

አይሆንም ብዬ ሸኘሁት። ባሌ አርቪድ ከሞተ አራት ዓመት። ከዚያ ወዲህ እግሬን ጀልባ ውስጥ አላስገባሁም። ለምን እንደሆነ ኦርሊን ያውቃል። አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ይኼ ይብሳል።

ጥር 7

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አርቪድ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጀልባውን ሸጥኩት። አይነሣም ብለውኝ ነበር። ጀልባውን ማየት አቃተኝ... ወንዙን ወርዶ ለሚኖር ለማላውቀው ሰው። ሳልጠይቀው። አርቪድ ግን ተነሣ። መጋቢት ላይ ቤቱ ገባ፣ እስከ ሰኔ ኖረ። በመጣ በማግሥቱ በከዘራው እየተደገፈ ሄዶ የጀልባውን ቤት ከፈተ። አየ። ዘጋው። «ዘንድሮ ወፎቹ ሰፊ ቦታ አገኙ» አለኝ። በቃ። እስኪሞት ሌላ ቃል አልተነፈሰም።

ምናለ ተቆጥቶኝ ቢሆን?

ጥር 9፣ ዓርብ

ለደረጃው የሚበተን ጨው ልገዛ ማርሊስ ሱቅ ሄድኩ። መንጠቆም፣ በሕይወት ያሉ ማጥመጃ ዓሦችም፣ ጨውም እሷ ጋ ነው። ከምድጃው በላይ ያ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ከግድባችን ሥር የወጡት ሳውገር የሚባሉ ዐሥር ትልልቅ ዓሦች፣ ክብደታቸውና ያወጣቸው ሰው ስም፣ በጠመኔ። ከሁሉ በላይ አርቪድ። አምስት ፓውንድ ከሁለት አውንስ። ዐሥራ አንድ ዓመት ማንም አላወረደውም።

ሰሌዳው ላይ ዘንጉን የያዘ ይጻፋል። ሞተሩን የያዘ አይጻፍም። ድሮም እንዲህ ነው። ያን ቀን ሞተሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በመረብ ከውሃ ያነሣሁትም እኔ። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም፣ ብርድ በመጣ ቁጥር እኔ ነበርኩ። ቅር ብሎኝ አያውቅም... ብሎኝ አያውቅም?

ቨርን ምድጃው ሥር እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። እሱ ከዚያ ወንበር ሲነሣ አይቼ አላውቅም፤ ዓሣውን መቼ እንደሚያጠምድ እንጃ።

«ኦርሊን ሹፌር አጥቶ ይንከራተታል። እምቢ አልሽው አሉ?»

«ወሬ ከበረዶ ይፈጥናል» አልኩት።

«እንኳን አልሽ። ባንቺ ዕድሜ ሹራብ ይሠራል እንጂ ለሳውገር ብርድ አይጠጣም። ዎልአይ ቢሆን እሺ፣ ዎልአይ ዓሣ ነው። ሳውገር እኮ የታላቅ ወንድሙን ልብስ ለብሶ የሚዞር ልጅ ነው።»

ጨዌን ይዤ ወጣሁ። ቤት ስገባ ለኦርሊን ደወልኩ። «ስንት ሰዓት?» አልኩት።

ጥር 12፣ ሰኞ

ወንዙ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ነው። ከግድቡ ሥር ብቻ ውሃው ክፍት፤ እንደ ድስት እንፋሎት ይወጣዋል። ጀልባው ውስጥ ስገባ እግሬን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። እጄ የሞተሩን እጀታ ሲይዝ ግን... እጅ አይረሳም ለካ።

ሥራው ይኼው ነው፦ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ግድቡ ማዞር፣ ከዚያ ውሃው በሚሄድበት ፍጥነት ልክ ወደ ኋላ መንሸራተት። ክሩ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ሳውገር የወንዙ ወለል ላይ ተኝቶ ነው የሚበላው። ክሩ ካዘመመ መንጠቆውን የሚያሰምጠው እርሳስ ከወለሉ ይነሣል፤ እሱ ደግሞ ተነሥቶ አይከተልም። ሁሉም ስለ ዘንግ ያወራል። የሚያጠምደው ሞተሩ ነው።

ኦርሊን አራት ያዘ። «ክሬን እንደ ግንበኛ ቱንቢ አቆምሽው» አለኝ። ከኦርሊን አፍ ይኼ ትልቅ ንግግር ነው።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያልኩትን ራሴም አላመንኩም።

«ኦርሊን፣ ዘንጉን ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ዓሣ ላጠምድበት።»

ወንዙን አየ። ግድቡን አየ። «ሞተሩንስ?»

«ደህናው ትከሻህ ምን ይሠራል?»

አያያዙ... ምን ልበል። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ጀልባው እንደ ሰካራም ዙሪያውን። ክሬ ከጎረቤት ጀልባ ክር ጋር ተጠላለፈ። ፈታን። ደግሞ ተጠላለፈ።

«ኦርሊን፣ ጠጥተሃል እንዴ?» አለ ሰውየው።

«ይኼን ሁሉ ዓመት ከፊት ተቀምጬ ነው የኖርኩት። ከኋላ እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ምንም አልያዝንም። ጉንጬ ቀልቶ ገባሁ። ብርዱ ብቻ አይደለም።

ጥር 18

ስሜ እዚያ ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ግርጌው ላይም ቢሆን። ዐሥረኛም ቢሆን።

ለካ ቅር ብሎኝ ነበር።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ሦስት ነክሰው ሦስቱም አመለጡ። ኦርሊን፣ «ሳውገር አይጎትትም። እርጥብ ጨርቅ የተሰቀለ ይመስል ክሩ ይከብዳል። ያኔ ምቺው» ይለኛል። አርቪድም ይኼንኑ ይል ነበር። የሰማሁትን እጄ ገና አልሰማውም።

ጥር 29

ከበደ። መታሁ። ያዝኩት!

ትንሽ ነው፣ ከስንዝር አይረዝምም። ዱቄት ነስንሼ በቅቤ ጠበስኩት። ብቻዬን በላሁት። ለኦርሊን ላካፍለው ይገባ ነበር... አላካፈልኩትም።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ድንገት ሞቀ። ከግድቡ ዝቅ ብሎ ወደ ወንዛችን የሚገባው ትንሹ ወንዝ በረዶውን ሰብሮ ጭቃውን ሁሉ ይዞ ገባ። ማርሊስ ሱቅ ሁሉም ተሰብስቦ ያማርራል። «ውሃው ጭቃ ሆኗል። አሁን ማጥመድ ዓሣ መሳደብ ነው» ይላል ቨርን። የተረፉት ጥቂት አጥማጆች ጠራ ያለ ውሃ ፍለጋ በግድቡ በሮች ሥር ተጨናንቀዋል።

እኔ መጽሐፉን አሰብኩ። አንዳንድ ዐይን ከጀርባው መስተዋት አለው ይላል፤ ያገኛትን ብርሃን ሁለቴ ይጠቀምባታል። የሳውገር ዐይን እንደዚያ ነው፣ ከዎልአይ እንኳ የበለጠ። ታዲያ ጭቃውን ለምን ይሸሸዋል? ማደኑ የሚቀናው ማንም በማያይበት አይደል?

ለኦርሊን ነገርኩት። «ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ጥልቁ ጉድጓድ። ድፍርሱ የሚገባበት።»

«አርቪድ ድፍርስ ውሃ አይወድም ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ጉድጓዱ ላይ እኛ ብቻ። ሌሎቹ ግድቡ ሥር ሆነው ያዩናል፣ አንዱ ወደ ቤታችሁ ግቡ ብሎ በእጁ እያመለከተ። ኦርሊን ምላሱን ነክሶ እጀታውን ይዟል። ክሬ ቀጥ። እውነት ለመናገር ዛሬ አሳምሮ ያዘልኝ።

ከበደ። ጨርቅ አይደለም፣ የራሰ ብርድ ልብስ። መታሁ። አልተነሣም። ግንድ ነው አልኩ። ግንዱ ራሱን ነቀነቀ።

ስንት ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም። ጓንቴ ወንዙ ውስጥ ገባ። ኦርሊን፣ «አትቸኩዪ፣ አትቸኩዪ» ይላል፤ እሱ ራሱ መረቡን ገልብጦ ይዞታል። በመጨረሻ ወጣ። ወርቃማ ቡናማ፣ ጥቁር ጥቁር ጥላ ያለበት፣ ዐይኑ እንደ ፋኖስ።

ኦርሊን በእጅ ሚዛኑ አንጠለጠለው። አየ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ።

«ይኼ ሚዛን ትንሽ ያጋንናል» አለ።

«ስንት?»

«ይኼን ያህል ግን አያጋንንም።»

ያኔ ገባኝ። እኔ የፈለግሁት ግርጌውን ነበር። ይኼ ግን... ከላይ የተጻፈው አርቪድ ነው።

መመለስ አይቻልም። ከዚያ ጥልቅ የወጣ ዓሣ የአየር ከረጢቱ ተነፍቶ ሆዱን በአፉ ይገፋዋል፤ ቢለቁትም አይኖርም። የእኛ ሰው ከጥልቅ ያወጣውን ይዞ ይገባል። ስለዚህ ወይ ሱቁ፣ ወይ መጥበሻው።

ኦርሊን አየኝ። «ሶልቬይ፣ ከፈለግሽ እንበላዋለን። እኔ ያየሁት ነገር የለም።»

ጀልባውን ሳልጠይቀው ሸጥኩበት። አሁን ደግሞ ስሙን ላወርድ? ከጎናችን የበረዶ ቁራጭ እያለፈ ነበር። እስኪያልፍ አየሁት።

«ይከፋው ነበር?» አልኩ።

«አርቪድን? ሳምንት ሙሉ ያኮርፍ ነበር።»

«ሳምንት ብቻ?»

«በስምንተኛው ቀን የት ጋ እንዳገኘሽው ሊያወጣጣሽ ይመጣል። ስለ አየሩ የሚያወራ መስሎ።»

ሳቅሁ። ጀልባ ላይ ከሳቅሁ... «ወደ ማርሊስ» አልኩት።

ሱቁ ሙሉ ነበር። ዓሣውን ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጠው ወሬው ቆመ። ቨርን ከወንበሩ ተነሣ። ተነሣ!

«ይኼ ሳውገር አይደለም» አለ። «ወይ ዎልአይ ነው፣ ወይ የሁለቱ ዲቃላ። ሳውገር እንዲህ አያድግም።»

ማርሊስ የጀርባ ክንፉን እንደ ማራገቢያ ዘረጋችው። ክብ ክብ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ በረድፍ። እነዚያ የሳውገር ናቸው። ከዚያ ጅራቱን። ዎልአይ ከሆነ፣ ወይ የዎልአይ ደም ካለበት፣ የታችኛው ጫፍ ነጭ ይሆናል።

«ነጩን አሳየኝ፣ ቨርን።»

«ጭቃ ሸፍኖት ይሆናል።»

በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ነጭ የለም።

«ደግመሽ ጥረጊው» አለ ቨርን።

«የአንተን ዐይን ነው መጥረግ የሚያስፈልገው» አለችው።

ሚዛኑ ላይ አወጣችው። አምስት ፓውንድ ከስድስት አውንስ። ጠመኔውን አነሣችና ቆመች። እኔን አየችኝ። አርቪድን ከልጅነቷ ታውቀዋለች።

«ላጥፋው?»

«አታጥፊው» አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር። «አንድ ዝቅ አድርጊው።»

ሁሉንም አንድ አንድ ዝቅ እያደረገች እንደገና ጻፈች። ከላይ፦ ሶልቬይ። ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ከበሩ ይነበባል። ግርጌው ላይ ስትደርስ ቦታ አለቀ።

«የኔስ?» አለ ቨርን። «ዐሥረኛው የኔ ነበር እኮ!»

«ከዐሥር በኋላ ግድግዳ ነው» አለች ማርሊስ።

ኦርሊን ውጭ ወጥቶ ብቻውን ሲስቅ በመስኮት አየሁት።

የካቲት 8፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጀልባውን ቤት ከፈትኩ። ከአራት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ባዶ ነው፣ ያው። ጥቂት ቆምኩ። ስለ ጀልባው ይቅር አልተባልኩም፤ የሚለኝም ሰው የለም። እሱን ተሸክሜ እኖራለሁ። ግን ያንን ያደረግሁት ከጀርባው ነበር። የትናንቱን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ስሙን ጠርቼ አደረግሁት። ልዩነት አለው። አለው።

ጀልባህን እዚህ አስገባ ብዬ ለኦርሊን ደወልኩለት። «ተከራይ ነኝ ወይስ ዘመድ?» አለ። ሹፌር ነህ አልኩት።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ኦርሊን ሁለት ሳምንት ሙሉ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ፣ «ያን ቀን ሞተሩን ማን የያዘ ይመስልሃል?» ሲል ከረመ። ፖስታ አመላላሹን እንኳ አልማረውም። ዛሬ ማርሊስ ታከታት። ጠመኔዋን አንሥታ ከስሜ ጎን መስመር አሰመረች፦ ሞተር፣ ኦርሊን።

«አሁን ዝም ትላለህ?»

«አሁን እላለሁ» አለ።

እሷ ግን ጠመኔውን አላስቀመጠችም። ወደ ሁለተኛው ወረደች። ወደ አርቪድ። ሳትጠይቀኝ ጻፈች። አርቪድ፣ አምስት ከሁለት፤ ሞተር፣ ሶልቬይ። ጎን ለጎን። አፍንጫዬን ለመጥረግ ወደ መንጠቆዎቹ ዞርኩ። ማንም አላየኝም፣ ወይም ጨዋ ሰዎች ናቸው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደሩን አዳርሷል። ምሳ ሳይደርስ ሁለት ሴቶች ገብተው ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ አንዷ ከአምስተኛው ጎን በሞተር ያዥነት ስሟን አስጻፈች። ከዚያ የቨርን ሚስት ላቮን ገባች። አምስት ቃል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ዐሥረኛ የነበረው የቨርን ዓሣ ሲያዝ» አለች፣ «ሞተሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሳልጻፍ ተፋቅሁ።»

«አሁን ምን ይሻላል?» አለቻት ማርሊስ።

ላቮን ወደ እኔ ዞረች። «ሰኞ ቦታ አላችሁ?»

«ከኋላ?»

«ከፊት።»

ኦርሊንን አየሁት። ትከሻውን ነቀነቀ፣ ደህናውን። «አለ» አልኳት።

«ቆዩ እንጂ» አለ ቨርን ከምድጃው ሥር። «የኔን ጀልባ ማን ሊይዝልኝ ነው?»

«ተማራ» አለችው፣ ጓንቷን እያጠለቀች።