በሹሩባ የተቆጠረ ሰባት ቤት

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እትዬ፦

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ? ክረምት ሲገባ የሚነሳብዎት ሳልስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። የሕፃናት ማሳደጊያው ዘበኛ ጋሽ ወልደሚካኤል አሉ? አሁንም ከበር ሆነው «አንቺ የጣሰው ልጅ!» እያሉ ይጠሩዎታል? ጥርስዎትንም ልጠይቅ። አሳዳጊዎቼ እነ ግሌን ከአሜሪካ መጥተው የወሰዱኝ ቀን ጥርሳቸውን አሟቸዋል ተብሎ ሳይሸኙኝ ቀሩ። ስምንት ዓመቴ ነበርና እስከ ዴንቨር ድረስ አኩርፌዎት ነው የመጣሁት።

ፊደሌ ቢንጋደድ አይሳቁብኝ። አሳዳጊ እናቴ ማም ሳንዲ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ አጠገባችን አውሮራ ወዳለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ እንድማር ስታመላልሰኝ ነው ያደግሁት። እኔ ውስጥ ሀሁ ስል እሷ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራ ነበር። ዛሬ ቤታችን ውስጥ ድመቷ እንኳ ሹራብ አላት።

አሁን ወሬዬን ልንገርዎት፤ ላገባ ነው! ሊዑል ይባላል። ሃቫና ስትሪት ላይ መኪና ይጠግናል። ደኅናዋን መኪናዬን በየሳምንቱ «አምጫት፣ ቼክ ላድርጋት» ሲለኝ ነገሩ የመኪና እንዳልሆነ ገባኝ።

ቤተሰቦቹ ወግ የሚያውቁ ናቸውና ሽማግሌ ላኩ። ዳድ ግሌን ደግሞ ወጉን አጥንቶ ጠበቃቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም የሚል አንብቦ ኖሮ፣ ገና ደጃፍ ሳሉ «አይሆንም!» ብሎ በሩን ዘጋባቸው። ሽማግሌዎቹ በረዶ ላይ ቆመው ቀሩ። ከመካከላቸው ዳውንታውን ፓርኪንግ የሚሠሩት ጋሼ ደምሰው ግን ይህን ያህል ዘመን ሽማግሌ ስሆን የልጁን ክብር እንዲህ የሚያውቅ አባት አላየሁም ብለው እየሳቁ ሄዱ አሉ።

በሁለተኛው ቀን ገቡ፤ ተቀመጡም። ያኔ የሊዑል አጎት ጋሼ ወልደገብርኤል ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም አሉ። ዳድ ይህንንም አጥንቶታል። ብድግ አለና ግሌን፣ ሃሮልድ፣ ኦሌ እያለ ኖርዌይ ድረስ ቆጠረላቸው። ጋሼ ደምሰው ከኖርዌይ ጋር እንኳ አንዛመድም፣ በሉ ልጅቷን ስጡን ሲሉ ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። ጋሼ ወልደገብርኤል አልሳቁም። ያሳደጋትን አከብራለሁ፣ የደሟን ካልቆጠራችሁልኝ ግን ወንድምና እህት እንዳላጋባሁ በምን አውቃለሁ አሉና ባርኔጣቸውን አነሱ።

እኔ እንደ ሙሽራ ወግ ጓዳ ተደብቄ እሰማለሁ። ወረቀቴ ላይ ወላጆቿ አይታወቁም ነው የሚለው፤ ከየት አምጥቼ ልቁጠር? ሊዑልን ላጣው ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ስጨነቅ ደግሞ እጄ ጸጉሬ ላይ ነው የሚሄደው። ያኔ በልጅነቴ እሑድ እሑድ እርስዎ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ሹሩባ ሲሠሩኝ ትዝ አለኝ። የሁሉንም ልጅ ቶሎ ቶሎ ጨርሰው እኔን መጨረሻ ያደርጉኝ ነበር። በእያንዳንዱ ጉንጉን አንድ ስም ያስጠሩኛል፤ ከተሳሳትኩ ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ግን ይህን ጨዋታ አያውቁትም።

ወጉ ቀረና ሳሎኑ መሃል ቆምኩ። ጣሰው፣ ድልነሳው፣ አየለኝ፣ ወንድይራድ፣ ሀብተየስ፣ ገድሉ፣ ዘውገ አልኩ፤ አንዱንም አልሳትኩ። ጋሼ ወልደገብርኤል ከራሳቸው ዘር ጋር በጣታቸው አመሳከሩና ከቤታችን አይደርስም አሉ። ማን እንዳስተማረኝም ጠየቁኝ። ሞግዚቴ ናቸው አልኳቸው። ከዚያ ባርኔጣቸውን መልሰው አስቀመጡና፣ ልጄ፣ እኒያን ሴት ሳትጠሪ እንዳታገቢ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር እየገባኝ ነው፣ እትዬ። አዳራሽ ሙሉ ልጅ ሆዱ ይጠግባል እንጂ እቅፍ አይዳረስም፣ ይቺ ልጅ ቤት ያስፈልጋታል ብለው ከዳይሬክተሯ ጋር ሲከራከሩ ሰምቼዎት ነበር። ያኔ የጠሉኝ መስሎኝ አለቀስኩ። ቤቱን አግኝቼዋለሁ፤ ይደሰቱ። አሁን ልጅ ወደ ውጭ መስጠት ቀርቶ እዚያው አገር ቤት አሳዳጊ ይፈለጋል ሲሉ ሰማሁ፤ እሰይ! ከእንግዲህ የማንም ጥርስ አይታመም።

ለማም ሳንዲ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ በሠርጉ ቀን የእናት ወንበር ሁለት ይሁን አለችና ወዲያው ሹራብ ጀመረችልዎት፤ ልክዎትን ካልላኩላት እጅጌው መሬት ሊጠርግ ነው። ዳድ የቪዛውን ጥሪ እያዘጋጀ ነው። የሱን «አይሆንም» ተምረው በር እንዳይዘጉብኝ! ጸጉሬን ለማንም አላስነካም፤ የሙሽራ ሹሩባዬን የሚሠሩልኝ እርስዎ ነዎት። ስሞቹን እኔ እጠራለሁ። የማላውቀው ከጣሰው በፊት ያለውን አንድ ስም ነበር፤ አሁን እሱንም አውቄዋለሁ።

አምላክ ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። ጥርስሽንም ይማርልኝ።

ልጅሽ