ግንደ ቆርቁሯን ማን አባረረብኝ?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ለዚህ ደብተር ብቸኛ አንባቢ፣ ለክቡር ለራሴ፦ ከባድ መርዶ ስላለ ቁጭ ብለህ አንብብ። በጓሯችን ለብዙ ዘመን ቆመው የኖሩት፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ግን አንዲት ቅጠል ያላወጡት አንጋፋው ደረቅ ዛፍ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በመጋዝ ከዚህ ዓለም ይሰናበታሉ። ፈራጁ አባቴ ነው። አናጢ ስለሆነ ለዛፍ አይራራም። "ነፋስ የጣለው ቀን የሥራ ቤቴን ጣራ ይዞ ነው የሚወርደው" አለ።

"ውስጡ እኮ ግንደ ቆርቁር ጫጩት እያሳደገች ነው" አልኩት።

"እንደዚያኛው እባብ?"

እባቡ… የውሃ ጎማ ነበር። አክስቴ ሩብ ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ቆማለች። እንዴት ያለ ሥራ ነበር! አሁን ታዲያ እውነት ሳወራ የሚያምነኝ ጠፋ።

"ና ራስህ እያት" ስለው "ሰው ሲቀርብ ትበራለች አላልክም? እስከ ዓርብ ፎቶ አምጣ። ካየሁ መጋዙን አስቀራለሁ" አለ። ጫጩቶቹ ሲንጫጩ እንኳ አይሰማም። ጆሮው በማሽን ደንዝዟል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 8

አጎቴ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። "ከሰበርከው እሰብርሃለሁ" ብሎ መርቆ ካሜራውን አዋሰኝ። ጓሮ ማድፈጫ ሠራሁ። አራት ዘንግ፣ ሁለት አሮጌ ሸራ፣ ለካሜራው ማሾለቂያ አንድ ቀዳዳ፣ ለኔ አንድ በርጩማ።

ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ዝር አላለችም። ስገባ አይታኛለች ለካ።

አጎቴ ስነግረው ሳቀብኝ። "ወፍ መቁጠር አትችልም። ሁለት ሆናችሁ ግቡ፣ አንዱ ይውጣ። ሰው የለም ብላ ትመጣለች።"

እኔም የራሴን ብልጠት ጨመርኩበት። የሚወጣው ሰው የኔን ካፖርት ለብሶ ይውጣ። የምትፈራው እኔን ነዋ!

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9

ታናሽ እህቴን ይዤ ገባሁ። ቤት ውስጥ ስሟ ሬዲዮ ነው፤ መዝጊያ የላትም። ካፖርቴን ለብሳ፣ ኮፍያውን እስከ አፍንጫዋ ደፍታ በጓሮ በር ወጣች። አረማመዴን ሳይቀር ቀዳችው። እንደዚያ ነው እንዴ የምሄደው? እንደ ሰከረ ዳክዬ?

ግን ሠራ! አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው… መጣች። አናቷ ቀይ፣ ምንቃሯ ሙሉ ትል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ልጥፍ አለች። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ጣቴን…

ቋ! ቋ! ቋ! ቋ!

ብረት በብረት። ከቤት በኩል። ወፏ የለችም። ፎቶው ላይ ጉድጓድ ብቻ።

ሮጥኩ። አባቴ ሥራ ቤቱ በር ላይ፣ መዶሻ በእጁ። ሬዲዮ ገና ከውጭ ገብታ ድስት ማንሳቷ። አክስቴ መስኮቷ ሥር ሹራብ ትሠራለች።

"ማነው ያንኳኳው?"

"ምኑን?" አለ አባቴ። መዶሻ ይዞ "ምኑን?"!

ሬዲዮ "አባባ ነዋ፣ ሌላ ማን ይሆናል?" አለች። ልክ ናት። ዛፉን ማስቆረጥ የሚፈልገው ማነው? መዶሻ ያለው ማነው? ጉድ ነው… የገዛ አባቴ!

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

የአባቴን መዶሻዎች ሦስቱንም አልጋዬ ሥር ደበቅሁ። ቤቱን ሲያምሰው "ሰይጣን ወስዷቸው ይሆናል" አልኩት።

"ሰይጣኑንማ አውቀዋለሁ፤ የወለድኩት እኔ ነኝ" አለ።

ገባን። ሬዲዮ ወጣች። ወፏ መጣች። ቋ! ቋ! ቋ!

አባቴ አይደለም ማለት ነው? ወይስ አራተኛ መዶሻ አለው? ወይስ ሬዲዮ… ካፖርቴን ለብሳ ዞራ ትገባና ድስት ትቀጠቅጣለች? ስኳር ዕቃው ውስጥ ጨው የሞላሁባትን አልረሳችም። እራት ላይ ፈገግ ብላ ወጥ ጨመረችልኝ። ለምን ጨመረችልኝ? ደግሞ ለምን ፈገግ አለች? ድመቷም ዛሬ አስተያየቷ አላማረኝም።

አንድ ቀን ቀረኝ። ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። ምን እንደተደገሰላቸው አያውቁ…

ዓርብ፣ ሚያዝያ 11

ተያዘ!

ዛሬ ሬዲዮ እንደወጣች እኔም በሸራው ሥር ሾልኬ፣ በደረቴ ተሳብኩና ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ አደፈጥኩ። ከወፏ ወደ ቤቱ ዞርኩ ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ መስኮት ተከፈተ። አንድ እጅ ወጣ፣ እጁ ላይ ጭልፋ። የመስኮቱን ብረት ቋ! ቋ! ቋ!

አክስቴ!

"አንቺ ነሽ?!"

"አዎ እኔ ነኝ! ልጅቷን ፍታት!"

"የቷን ልጅ?"

አክስቴ ጡረታ እስክትወጣ ሠላሳ ዓመት የአዳሪ ተማሪዎች ተቆጣጣሪ ነበረች። ዛሬም ሰው ሳትቆጥር ውላ አታድርም። ከሹራቧ ሥር ወረቀት መዘዘች። "ረቡዕ፦ ሁለት ገቡ፣ ካፖርቱ ወጣ፣ ልጅቷ ቀረች። ሐሙስም እንደዚሁ። የአጎትህን ልጅ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተህ የቆለፍክባት አንተ አይደለህም?"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ምን ልጠይቅህ? አሥር ደቂቃ ጠብቄ፣ ማየቴን እንድታውቅ ጭልፋዬን ስመታ ልጅቷ ወዲያው በፊት በር ከች ትላለች። ደንግጠህ ፈታሃት እንጂ ሌላ ምን ልበል?"

ሬዲዮ ለካ በውጭ በኩል ስትዞር ከጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ጋር ወሬዋን ጠርቃ፣ ካፖርቴን በር ላይ ሰቅላ ነው የምትገባው። በየቀኑ አሥር ደቂቃ። ያችው ደቂቃ!

ሦስት ቀን ሁሉንም ስጠረጥር እኔ ነበርኩ ተጠርጣሪው። ወፏ መቁጠር አትችልም። አክስቴ ትችላለች።

ሁሉን ነገርኳት። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። "አምጣ ካፖርቱን" አለች። ተረከዟ ድረስ ወረደባት። አብረን ገባን፣ ብቻዋን ወጣች። ከዚያ ደጃፍ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አባቴን ጭምር በጣቷ እሽሽ አሰኘችው።

አሥራ አንድ ፎቶ። አንዱ ላይ ሦስት የተከፈቱ አፎች ይታያሉ።

አባቴ መነጽሩን አደረገ። አወለቀ። ደግሞ አደረገ። ከዚያ ለባለ መጋዙ ደወለ። "ነገ ይቅር። እንግዳ አለብን።" ወደኔ ዞረ። "መዶሻዎቼ።"

ቅዳሜ፣ ግንቦት 3

ትናንት የመጨረሻዋ ጫጩት በረረች። ጉድጓዱ ጭጭ አለ።

"አሁንም አሉ" ብል ዛፉ ሌላ ወር ይቆማል። ምላሴ ላይ ነበር። ማን ያውቅብኛል? ግን ቁርስ ላይ "ወጥተው አልቀዋል" አልኩት።

ፎቶ እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ። "እሺ" አለ ብቻ። ሻዩን ጠጣና ለባለ መጋዙ ደወለ። ጣራው ላይ ያጋደለውን ላዩን አስቆረጠ፤ ጉድጓዱ ያለበትን ከታች ተወው። ለከርሞ እንግዶች መሆኑ ነው።

በቃ ይኸው ነው። ለዚህች ይህን ሁሉ ወረቀት መጨረሴ ራሱ ያስቃል። ሦስት ጫጩትና አንድ የሞተ ዛፍ… ትንሽ ነገር ነበረች።