የጀልባዋ ውታፍ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ። እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ እያቃሰትክ ነው? ባለቤትህ፣ ልጅህ፣ እማዬስ ደህና ናቸው? የአባባ እጆች በብርድ ጊዜ መቆርጠማቸውን ተዉት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ፀጉሬ ናፍጣ ናፍጣ ከመሽተቱ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብበው። ከተናደድክም ቁጭ ብለህ ተናደድ፣ ለወገብህም ይሻላል።

ካፒቴን የሚሉትን ሰውዬ አልረሳኸውም። የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት አባባ እዚሁ ወደብ፣ አሁን እኔ ባለሁበት የጀልባ መጠገኛ ግቢ መካኒክ ሳለ የሰውዬውን ባለሸራ ጀልባ ሞተር ሲያስነሳ እሳት ብልጭ ብሎ ፊቱንና ሁለት እጁን በላው። ካፒቴኑም ሽማግሌው ቤንዚን አጠገብ ሲጋራ ለኩሶ ነው ብሎ ለአገር ምድሩ አወራ። አባባ አላጨስኩም ብሎ ቢምልም የሰማው አልነበረም፤ ከሥራው ተባርሮ፣ ስሙንም አጥቶ በፋሻ ተጠቅልሎ ቤቱ ገባ። እኔ ከዚያ ሁሉ መጠገኛ መርጬ እዚህ ግቢ የተቀጠርኩት ለእንጀራ ብቻ እንዳይመስልህ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስድስት ዓመት ጠበቅኩት።

ባለፈው ወር በእግሩ መጣልኝ። ቤንዚን ስለሚያስፈራው አሮጌው ሞተር ወጥቶ የናፍጣ ሞተር እንዲገባለት ፈለገ። አላወቀኝም፤ ጎበዝ ልጅ እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም እሺ ካፒቴን አልኩና ሥራውን ለማንም ሳልሰጥ ለብቻዬ ያዝኩት።

መቼም አባባ ሲያወራ ሰምተሃል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከጀልባ ሆድ ይተኛል። ስለዚህ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ፋን ተከፍቶ ትነቱ በጎማ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። አባባ ያን ቀን ፋኑን ከፍቼ ድምፁን እየሰማሁ ጠብቄያለሁ ይል ነበር። እውነቱን ነው። አሮጌውን ሞተር በሰንሰለት አንስቼ ከኋላው ያለውን ቱቦ ስነቅል፣ የመውጫው ቀዳዳ በእንጨት ውታፍ ተደፍኖ አገኘሁት። ከቃጠሎው በኋላ የጀልባዋ ሆድ በሙሉ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። የውታፉን ቀለም በካቻቢቴ ፋቅ ሳደርገው ከሥሩ ጥላሸት ወጣ። እሳቱ ሲነሳ ውታፉ እዚያው ነበር ማለት ነው። ፋኑ ይጮሃል እንጂ የሚያወጣው ነገር አልነበረም። እዚያው ዘይቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የናፍጣው ሞተር ከባድ ስለሆነ መቀመጫውን እንጨት ቆርጬ እንደ አዲስ ሠራሁለት፤ ዐሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አልዋሽህም፣ ለሞተሩ ማቀዝቀዣ የባሕር ውሃ የሚያስገባውን ጎማ ሳስር እጄ ቆሞ ነበር። አንድ ብሎን ላላ ባደርግ ካፒቴኑ መሐል ባሕር ላይ ከነጀልባው ይሰምጣል። አጠበቅኩት። አዝኜለት አይደለም፤ ልጅቷም እንደ አባቷ ናት እንዳይባል ነው።

እዚህ ግቢ አንድ ልማድ አለ። ሞተር የተቀየረ እንደሆነ የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በሸራ ላይ ይዘረጋል፤ ባለቤቱም በሰው ፊት አንድ በአንድ እያነሳ የኔ ነው ካላለ አይጣልም። በዕለቱ የወደቡ ሰው ተሰብስቧል፣ ካፒቴኑ ነጭ ለብሷል። ካርቡሬተሩን የኔ ነው፣ ካንዴላዎቹን የኔ ናቸው እያለ ቆይቶ ውታፉ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። ይቺንማ ጀልባዋን በገዛሁ ዓመት በገዛ እጄ ጠርቤ የደፈንኳት ናት፤ ማዕበሉ በዚያ እየገባ የእንግዶቼን ፍራሽ ያበሰብስብኝ ነበር አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጥላሸቱን አሳየሁና የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት። አባባን ያባረሩት የግቢው አለቃ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ካፒቴኑ ለብቻችን እንነጋገር ቢለኝ፣ በሰው ፊት የተዋረደ በሰው ፊት ነው የሚካሰው አልኩት። እሳቱ የተነሳው በእርሱ ውታፍ እንጂ በአባባ ሲጋራ እንዳልነበረ በግቢው መዝገብ ላይ ጻፈ። ደስ አለኝ፤ ነውር ቢሆንም ደስ አለኝ።

ከመጻፉ በፊት ግን አንድ ነገር ተናገረ። ያን ጊዜ የሽማግሌው የበኩር ልጅ ደውሎ፣ አባቴ ማጨሱን አምኗል፣ ስለ እርሱ ይቅርታ አድርግልን ብሎኛል፤ ታዲያ እኔ ምን ልበል አለ። አባባ ምንም አላመነም ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ገበታ ላይ ስትቀመጡ ይህን አልነገርከውም። ካፒቴኑ ባዕድ ነው፤ አንተ ግን ልጁ ነህ።

ካፒቴኑ የጻፈው ቃል ግልባጭ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ጎረቤት ሰብስበህ፣ አባባን መሐል አስቀምጠህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብለት። ከዚያም የደወልከው አንተ መሆንህን በራስህ አፍ ንገረው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልነገርከው እኔ መጥቼ እነግረዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ባለቤትህን ናፍቄያታለሁ፤ ያቺን አኩራፊ ልጅህን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። የአባባን ሁለት እጆች መዳፋቸውንም ጀርባቸውንም ሳምልኝ። ላንተ የምልከው ሰላምታ እስካሁን የለኝም።

እህትህ
ከጀልባ መጠገኛው ግቢ፣ ከሸራ ሰፊዎቹ በላይ ካለችው ክፍሌ
መጋቢት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.