ስለ ወለሉ የዋሸሁሽ ቀን

ሚልዋኪ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ውድ አርሊን፣

ስለ ሐሙሱ የቦውሊንግ ጨዋታ የሚወራው ጆሮዬ ደርሷል። «ቨርና የወለሉ ዘይት መለወጡን ነግራት ነበር፤ አርሊን ናት አልሰማ ብላ ጉድ የሠራችን» ይላሉ። ሐሰት ነው። አልነገርኩሽም። ስትጠይቂኝም ዋሸሁሽ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ማርቪስ የቡድናችን መሪ በሆነች ማግስት ጨዋታውን የሚቋጨውን የመጨረሻ ወርዋሪነት ከእኔ ወስዳ ለአንቺ ሰጠች። «እትዬ ቨርና፣ ዓይንዎ ስለታም ነው፤ መጀመሪያ ወርውረው ዘይቱን ያንብቡልን» አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት ቦታ ነበር። ፈገግ ብዬ ተቀበልኩ፤ ቤቴ ገብቼ ግን እራት አልበላሁም። የኳስ አያያዝ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ሐሙስ በሦስተኛው ጨዋታ ኳሱ እንዲንሸራተት ወለሉ ላይ የተቀባው ዘይት በሁለቱ ቡድን ስምንታችን ኳስ ተጠርጎ ነበር። ወለሉ ጫፍ እስከቆሙት አሥር ፒኖች አጠገብ ቀጥ ብሎ ይንሸራተት የነበረው ኳሴ መንገድ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ጀመረ። ገባኝ። በመጨረሻው ዙር እግሬን ሁለት የወለል ጣውላ ወደ ግራ አዛውሬ፣ ቃል ሳልተነፍስ ወረወርኩ፤ አሥሩም ወደቁ።

ተራሽ ሲደርስ ጠጋ ብለሽ፣ «እትዬ፣ ዘይቱ እንዴት ነው? ወደ ግራ ልጠጋ?» አልሽኝ።

«ምንም አልተለወጠም። እዚያው ቁሚ።»

አመንሽኝ። ኳስሽ ቀድሞ ታጠፈ፤ ሁለት ፒኖች እንደተጣሉ ጎረቤታሞች ግራና ቀኝ ጥግ ቆመው ቀሩ። የተጋጣሚያችን ቡድን ጄራልዲን፣ «አርሊን፣ መሃላቸው መኪና ልታቆሚ ነው?» ብላ አሳቀችብሽ። ሁለተኛው ኳስሽም ሳተ። ከሁለቱ አንዱ ፒን ብቻ ቢወድቅ እናሸንፍ ነበር፤ እኩል ወጣን።

ማርቪስ፣ «እትዬ ነግረውሽ የለም እንዴ? ምን ዓይነት ግትር ነሽ?» ስትልሽ ወደ እኔ ዞርሽ። ኳሴን እወለውል ነበር። ከተወለወለም በኋላ መወልወሌን አልተውኩም። አንቺ የመጫወቻ ጫማሽን እንኳ ሳትቀይሪ በረዶው ላይ ወጣሽ።

ልጅ ሳለሁ መነኩሲቶቹ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት የዋሸች ልጅ እውነቱን እስክትናገር ድረስ ቆማ ትውል ነበር። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ከሐሙስ ጀምሮ የተቀመጥኩ አይመስለኝም።

ነገ ቀን ከዚያው ቡድን ጋር ድጋሚ እንገጥማለን፤ የተሸነፈ ከውድድሩ ይሰናበታል። ማርቪስ በአንቺ ፋንታ የወንድሟን ሚስት ልታስገባ ነው። አንዴ ከገባች ቦታሽን አታገኚውም፤ ይህ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።

ይቅር በዪኝ ለማለት ገና ፊት የለኝም። ነገ ጠዋት መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ በበርሽ ሥር አስገባለሁ። ከዚያ ማርቪስ ቤት ሄጄ የዋሸሁት እኔ መሆኔን እነግራታለሁ፤ ባሏም ይስማ። ካልመጣሽ ሦስት ሆነን እንጫወት እንጂ ሌላ ሰው እንዳታስገባ እጠይቃታለሁ። አዳራሹ ስንገባ፣ ጫማ ከማጥለቄ በፊት፣ ጄራልዲን ባለችበት እደግመዋለሁ። ቀጥሎ እወረውርና ዘይቱ የት ላይ እንዳለቀ፣ ኖርሽም አልኖርሽ፣ ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

ቨርና